በርጩማ የዋጠ ጋላክሲ

ሱቁ ጠባብ ነው። ሁለት ሰው ከገባበት ሦስተኛው በረንዳ ላይ ቆሞ ተራ ይጠብቃል። ከበሩ በስተግራ፣ መስኮቱ ሥር፣ ሰዓት ሠሪው ጠረጴዛውን ዘርግቶ ይውላል፤ በስተቀኝ ልብስ ሰፊው መኪናውን ይረግጣል። ሰዓት ሠሪውን ሰፈሩ «ሊቁ» ይለዋል፤ ሲሠራ ሬዲዮ ከጆሮው ስለማይለይ የማያውቀው ነገር የለም፣ ይላል ራሱ ሊቁ። ልብስ ሰፊውን ደግሞ «መርፌ» ይሉታል። መርፌ በበሩ ሲገባ ጎኑን ነው የሚያስቀድመው፤ እንግዲህ ሰው ስም ሲያወጣ እንዲህ ነው።

ሁለቱ አማቾች ናቸው። የመርፌ ሚስት የሊቁ ታላቅ እህት ነበረች፤ ነፍሷን ይማረውና ካረፈች ዓመታት አልፈዋል። እሷ ከሄደች ወዲህ አንዱ ሌላውን ሳይነተርክ የዋለበት ቀን የለም፤ ሳይጠብቀው ምሳ የበላበትም ቀን የለም። ከግድግዳው ማዶ የባለ ጨርቋ ትልቅ ሱቅ አለ፤ ጣቃ በጣቃ ላይ እስከ ኮርኒሱ የተደረደረበት። ዛሬ ጠዋት ሊቁ ሥራ ሲገባ የሚቀመጥበት በርጩማ የለም። ከዚያ በኋላ የሆነው ይኸው ነው።

ሊቁ፦ በርጩማ በራሱ እግር አይሄድም!

መርፌ፦ ቀስ በቀስ እንቁላልም በእግሩ ይሄዳል። በርጩማማ እግሩ ተሠርቶለታል።

ሊቁ፦ ቀልዱን ተወኝ! ትናንት እዚህ ነበር። እዚህ! [ወለሉን በእግሩ ይመታል] እኔ ቆሜ ሰዓት ልፈታ ነው? ቆሞ ሰዓት የሚፈታ ሰው አይተህ ታውቃለህ?

መርፌ፦ ፍታና ልይ።

ሊቁ፦ የት ሄደ?

መርፌ፦ [ክሩን በጥርሱ እየበጠሰ] ጎረቤት።

ሊቁ፦ የት ጎረቤት?

መርፌ፦ ባለ ጨርቋ ጋ። ላይ ያለውን ጣቃ የምታወርድበት መቆሚያ አጣች።

ሊቁ፦ መሰላል የላትም?

መርፌ፦ አላት።

ሊቁ፦ ታዲያ?

መርፌ፦ መሰላሉ ከፍ ይላል። ትፈራለች።

ሊቁ፦ ትልቁ መቀስህስ?

መርፌ፦ ጎረቤት።

ሊቁ፦ ካውያው?

መርፌ፦ ጎረቤት። የሷ ቶሎ አይግልም።

ሊቁ፦ የሻይ ብርጭቆህ? ... ጠየቅኩህ እኮ!

መርፌ፦ ሻዩ የሚፈላው እዚያ ነዋ። ብርጭቆው እዚህ ሆኖ ሻዩ እዚያ ሆኖ እንዴት ይገናኙ?

[ሊቁ ማጉሊያውን ከዓይኑ ላይ ያነሣል። ያ ማጉሊያ የትንኝ ጥርስ ያሳየዋል፤ ከትንኝ ከፍ ያለውን ነገር ግን አንድም ቀን አሳይቶት አያውቅም። አሁን ግን ነገሩ ወለል ብሎ ታየኝ ብሏል።]

ሊቁ፦ በቃ ገባኝ። ጉድ ነው! አማቼ፣ እየተዋጥን ነው!

መርፌ፦ ማን ዋጠን?

ሊቁ፦ ይኼን ነገር ትናንት በሬዲዮ ሲያስረዱት ነው የዋሉት። ቆይ ቁጭ ልበልና ላስረዳህ። [ለመቀመጥ ዝቅ ይላል። በርጩማው እንደሌለ ትዝ የሚለው ወለሉ ሲቀበለው ነው] አይ ይቺ ሴትዮ!

መርፌ፦ ጎበዝ፣ ቁጭ ብለሃል። አስረዳኝ።

ሊቁ፦ [አቧራውን እያራገፈ] ስማ። ኮከቦች እንዲሁ ሜዳ ላይ እንደ ፈሰሰ ቁልፍ አልተበተኑም። ሰፈር ሰፈር አላቸው። ሰፈሩ ጋላክሲ ይባላል። የኛ ጋላክሲ ፍኖተ ሐሊብ ነው።

መርፌ፦ የኛ? ማን ሰጠን?

ሊቁ፦ ውስጡ ስለምንኖር የኛ ነው! በዙሪያው ደግሞ ድንክ ድንክ ጋላክሲዎች አሉ። ትልቁ በስበቱ ይጎትታቸዋል። መጀመሪያ ከዳር ከዳር ያሉትን ኮከቦች፤ ዛሬ አንዱን፣ ነገ ሌላውን። ዛሬ መቀሱን፣ ነገ ካውያውን!

መርፌ፦ ያስፈቅዳል?

ሊቁ፦ ማን?

መርፌ፦ ትልቁ። ሲወስድ «እስቲ አንዴ አውሱኝ» ይላል ወይስ ዝም ብሎ ነው?

ሊቁ፦ ስበት ያስፈቅዳል እንዴ?

መርፌ፦ እሷ ግን አስፈቅዳለች። «በርጩማውን አንድ ጊዜ» ብላ፣ ፈገግ ብላ ነው የወሰደችው።

ሊቁ፦ ፈገግታው ነዋ ስበቱ! ቢያዩት ይስቅ፣ ባያዩት ይሰርቅ ሲባል አልሰማህም?

መርፌ፦ እኔ ግን ድንክ መባሉ አልተዋጠልኝም። ባለፈው የተቀመጥኩበት ወንበር ምን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ።

ሊቁ፦ አንተን አላልኩም፣ ሱቁን ነው! ዝም ብለህ ስማ። መጨረሻ ላይ ድንኩ ጋላክሲ ያለው ሁሉ ተገፍፎ ይሄዳል። አንድ ነገር ብቻ ይቀረዋል፤ መሃሉ። ጥቅጥቅ ያለ የኮከብ ዘለላ። እሱም በትልቁ ጋላክሲ ውስጥ እየዞረ ይኖራል። ሰው በቴሌስኮፕ ያየውና «አቤት ሲያምር» ይላል። የፈረሰ ቤት ምሰሶ መሆኑን ማን ነግሮት!

[መርፌ የመኪናውን መርገጫ ይተዋል። ሊቁ ንግግሩ አንጀት እንደ በላ ስላወቀ በድሉ ረክቶ የአማቹ ጠረጴዛ ጥግ ላይ አረፍ ይላል፤ እዚያ ላይ ግን የመርፌ መሰኪያ ትራስ አለች። ብድግ ይላል።]

መርፌ፦ እሷን አልወሰደችም። አለች ገና።

ሊቁ፦ [ጀርባውን እያሻሸ] አወቅኩ! ተሰማኝ!

መርፌ፦ ግን ዘለላው ከሌላ ቤት የመጣ መሆኑ በምን ይታወቃል?

ሊቁ፦ ዛሬ ደህና ደህና ትጠይቃለህ! አንደኛ፣ ሌላው ዘለላ ኮከቦቹ አብዛኛውን ጊዜ እኩዮች ናቸው፤ ባንድ ሰሞን የተወለዱ። ይኸኛው ግን አሮጌውም ወጣቱም ተቀላቅሎበታል፤ የተሠሩበትም ነገር ይለያያል። ሁለተኛ፣ አንዳንዱ ደግሞ ሁሉም በዚህ ሲዞር እሱ በተቃራኒው ነው የሚዞረው።

መርፌ፦ እልኸኛ ነው።

ሊቁ፦ እልኸኛ አይደለም! ሲመጣም በዚያው አቅጣጫ ስለመጣ ነው።

መርፌ፦ [ሊቁን ከራሱ እስከ ጫማው እያየ] እንዲህ ያለ ሰው አውቃለሁ።

ሊቁ፦ ማን?

መርፌ፦ እንዲሁ ነው። ቀጥል።

ሊቁ፦ እንግዲህ ወደ ራስህ ጉድ ና። አንተ ሰው ለክተህ ስተህ ታውቃለህ? ሰው ገና በመንገድ ሲያልፍ ወገቡን የምትናገር ሰውዬ! የባለ ጨርቋን ቀሚስ ግን ስንቴ ፈታህ? መጀመሪያ ሰፋ። ከዚያ ጠበበ። ከዚያ አንዱ እጅጌ ከሌላው ረዘመ!

መርፌ፦ እጇ የሚረዝም መስሎኝ ነው።

ሊቁ፦ አንዱ ብቻ?

መርፌ፦ [ጆሮው ይቀላል] በዚያ በኩል ቆሜ ስለነበር።

ሊቁ፦ አየህ? ስበት ሲበረታ የቅርቡን ከሩቁ አብልጦ ይስባል፤ ነገር ይለጠጣል። እጅጌህ ተለጠጠ! ደግሞስ ይኼ የለበስከው ሸሚዝ አዲስ አይደለም? አንተ ለራስህ ቁልፍ የማትተክል ሰው፣ ሁሉም ቁልፍ አለ! ሽቶስ? ምን ሽቶ ነው ይኼ?

መርፌ፦ የማሽን ዘይት ነው።

ሊቁ፦ የማሽን ዘይት ጽጌረዳ ጽጌረዳ ይላል? አጥበውህ ሊውጡህ ነው እንጂ!

[መርፌ አንገቱን ወደ ስፌቱ ይደፋል። ይኼ ሰውዬ እንዴት ነው እንዲህ የዋህ የሆነው፣ ይላል ሊቁ በሆዱ፤ እኔ ባልኖርለት ምን ይውጠው ነበር?]

ሊቁ፦ የሰዓቷንስ ነገር ልብ ብለሃል? በየሳምንቱ ትቆማለች። በየሳምንቱ ይዛት ትመጣለች። «ጋሼ፣ ቆመችብኝ» ትልና እስክጨርስ እዚያ መኪናህ አጠገብ ትቆማለች። ያቺ ሰዓት እኔን ባታገኝ ኖሮ ዛሬ የልጆች መጫወቻ ነበረች። ባለፈው ሞላዋን መቀየሬን ነግሬያታለሁ።

መርፌ፦ እውነት ቀይረኸዋል?

ሊቁ፦ ከመቀየር የማይተናነስ ጠረጋ ጠርጌዋለሁ! እጅግ ረቂቅ ብልሽት ነው ያለባት። መጀመሪያ እቀበልና መሙያዋን በአውራ ጣቴ ጫን አደርጋለሁ፤ እሱ ያው የእጅ ልማድ ነው፣ አንተ ክር ከማስገባትህ በፊት እንደምትልሰው። ከዚያ እከፍታለሁ፣ እጠርጋለሁ፣ እፍ እልባታለሁ። ከዚያ ቀጭ ቀጭ ቀጭ!

መርፌ፦ ከመክፈትህ በፊትስ ቀጭ ቀጭ አላለችም?

ሊቁ፦ ቆማለች ተብላ የመጣችን ሰዓት ትሄጃለሽ ወይ ብዬ ልጠይቃት? ሐኪም በሽተኛውን «ደህና ነህ ወይ?» ይለዋል?

መርፌ፦ ይለዋል እኮ። መጀመሪያ የሚለው እሱን ነው።

ሊቁ፦ [እንዳልሰማ ሆኖ] ዋናው ነገር ሰዓቷ ሰበብ መሆኗ ነው! ሴትዮዋ የምትመጣው ሱቃችንን በዓይኗ ልትለካው ነው። አንድ ግንበኛ ትናንት በእኛና በሷ መሃል ያለውን ግድግዳ በጣቱ ሲያንኳኳ አይቻለሁ። ሊያፈርሱት ነው አይደል? አትዋሸኝ!

መርፌ፦ ... አዎ። ዛሬ ይመጣል። ልነግርህ ነበር።

ሊቁ፦ መቼ? ጡቡ አናቴ ላይ ሲያርፍ?

[ሊቁ ወደ መስኮቱ ዞር ይላል። ድምፁ ዝቅ አለ፤ ሊቅነቱ ለጊዜው የት እንደ ገባ አይታወቅም።]

ሊቁ፦ ይኼን መስኮት የሰጠችኝ እህቴ ናት። ሱቁን ስትከራዩ «ወንድሜ ብርሃን ይፈልጋል፤ አንተ በዳበሳም ትሰፋለህ» አለችህ። ግድግዳው ሲፈርስ እዚህ ጋ ጣቃ ይደረደራል። እኔ ያኔ የት ልሂድ? ከእሷ የቀረኝ ይኼ መስኮትና አንተ ናችሁ። አንተን ደግሞ ስበት ወስዶሃል።

[መርፌ ተነሥቶ የራሱን ወንበር ያመጣለታል። ሊቁ ተኩራርቶ አይቀመጥም። ቀጥሎ ይቀመጣል።]

መርፌ፦ እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ስለ ሰማዩ።

ሊቁ፦ [አፍንጫውን እየጠረገ] ጠይቅ።

መርፌ፦ ትልቁና ትንሹ ሲቀላቀሉ ኮከቦቹ አይጋጩም? ጓ ብለው?

ሊቁ፦ [ሐዘኑ ብን ብሎ ይጠፋል] አይጋጩም! ሁሉም ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። በኮከብና በኮከብ መሃል ያለው ቦታ ወሰን የለውም። ተላልፈው ያልፋሉ።

መርፌ፦ ስለዚህ ሁለት ቤት አንድ ስለሆነ የግድ ጠብ ይነሣል ማለት አይደለም።

ሊቁ፦ ምን ሲደረግ! እንዲያውም ጋዙ ከጋዝ ሲገናኝ አዳዲስ ኮከብ ይወለዳል።

መርፌ፦ [ደንግጦ] ኧረ እሱስ በዚህ ዕድሜ ይቅርብን!

ሊቁ፦ ምን አልክ?

መርፌ፦ ምንም። ያ የጥንቱ ጋላክሲስ? ተረሳ ማለት ነው?

ሊቁ፦ እንዴት ተደርጎ! ዘለላው አለ አይደለም እንዴ? ዘለላው እስካለ ድረስ የጥንቱ አለ።

መርፌ፦ አዲሱ ቤት ዘለላውን ውጣ አይለውም?

ሊቁ፦ ለምን ይለዋል? ጌጡ ነው እኮ!

መርፌ፦ እና በዚህ ነገር ኃጢአት የለበትም ትላለህ?

ሊቁ፦ የተፈጥሮ ሕግ ነው፣ ኃጢአት ከየት ይመጣል? ይኼን ነውር የሚል ሰው ካለ እኔ ጋ አምጣው!

መርፌ፦ እስቲ «ይሁን» በል።

ሊቁ፦ ይሁን!

መርፌ፦ ጮክ ብለህ።

ሊቁ፦ ይሁን አልኩ እኮ! ሰው እንደኔ ነገር ሲገባው ደስ አይልህም? በል አሁን ሳይቃጠል በቅጠል፤ እንደ ዘለላ ጥቅጥቅ ብለን እንያዝ። ያን ሜትርህን አምጣ።

[ሊቁ የመለኪያውን ሜትር በሁለቱ ወገብ ዙሪያ ያጠመጥማል። ለመርፌ ወገብ ብቻ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም፤ እንደ ምንም ትንፋሽ ሰብስበው ይቋጥሩታል።]

ሊቁ፦ ደንበኛ በዚህ ሲገባ እኛ በዚያ እንዞራለን። ማንም አይበትነንም። ዙር!

መርፌ፦ እስከ መቼ ነው የምንዞረው?

ሊቁ፦ እነሱ ቢሊዮን ዓመት ይዞራሉ!

መርፌ፦ እኔ ለምሳ አቆማለሁ።

[ይዞራሉ። ሱቁ ጠባብ ስለሆነ አንዱ ዙር የቁልፍ ቆርቆሮ ይደፋል፤ ሁለተኛው ሬዲዮውን ይዘጋል። በሦስተኛው ላይ ባለ ጨርቋ በር ላይ ቆማለች። በእጇ በርጩማው አለ። አዲስ ቀሚስ ለብሳለች፤ ሁለቱም እጅጌ ልክክ ያለ።]

ባለ ጨርቋ፦ ምን ሆናችሁ ነው?

መርፌ፦ [እያለከለከ] እንዳንበተን ነው።

ባለ ጨርቋ፦ እንደምን አደሩ ጋሼ። በርጩማዎን መለስኩልዎ። [ወደ መርፌ ጠጋ ብላ፣ ዝግ ባለ ድምፅ] ነገርከው?

ሊቁ፦ «ነገርከው»? እስከ ትናንት «እርስዎ» አልነበረም እንዴ?

መርፌ፦ ነግሬዋለሁ። ይሁን ብሏል።

ሊቁ፦ ምኑን ነው ይሁን ያልኩት?

መርፌ፦ ሁለት ቤት አንድ ቢሆን ጠብ የለም አልክ። የጥንቷ አትረሳም አልክ። የተፈጥሮ ሕግ ነው፣ ነውር የሚል ካለ እኔ ጋ አምጣው አልክ። ይሁን በል ብልህ፣ ይሁን አልክ። ደግሜ አስባልኩህ፣ ደገምክ።

ሊቁ፦ እኔ ስለ ጋላክሲ ነው ያወራሁት!

መርፌ፦ እኔ በጋላክሲ ምን አገባኝ? እኔ ሚስት ላገባ ነው።

[ማጉሊያው ከሊቁ እጅ ወለሉ ላይ ይወድቃል። ማንም አያነሣውም፤ ሜትሩ አስሮ ይዟቸዋል።]

መርፌ፦ አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

[ሊቁ ሳያስበው መላጣውን ይዳብሳል።]

ሊቁ፦ ለምን ... ለምን ቀጥ ብለህ አልነገርከኝም?

መርፌ፦ በየቀኑ ልነግርህ አፌን እከፍታለሁ፤ ፊትህን ሳየው እህትህን ትመስላለህ፣ ምላሴ ይታሰራል። ከሰው ሁሉ የፈራሁት አንተን ነው። ዛሬ ራስህ ሰማዩን ስታነሣው፣ በዚያው በኩል ልግባ አልኩ።

ሊቁ፦ እና በርጩማው?

ባለ ጨርቋ፦ ሻይ ሊጠጣ ሲመጣ የሚቀመጥበት አጥቶ ነው። ወንበሬንማ ሰበረው።

ሊቁ፦ ቀሚሱ?

መርፌ፦ ልኳንማ መንገድ ስትሻገር ነው ያወቅኩት። ካለቀ አትመጣም ብዬ ነው እንጂ።

ሊቁ፦ [የመጨረሻውን ተስፋ ይዞ] ሰዓቷ ግን እውነተኛ ብልሽት ነበረባት!

ባለ ጨርቋ፦ [መሬት መሬት እያየች] ይቅር ይበሉኝ ጋሼ። መሙያዋን ሳብ አድርጌ አቁሜያት ነው የማመጣት። እርስዎ ገና ከእጄ ሲቀበሉኝ ጫን ሲያደርጓት መሄድ ትጀምራለች፤ አሁን ነቁብኝ ብዬ ልቤ ድው ይላል። እርስዎ ግን ከፍተው እፍ ይሉባታል።

[ሊቁ አውራ ጣቱን ያየዋል። እንዲህ ያለ ከዳተኛ ጣት አብሮት መኖሩን ዛሬ ነው ያወቀው።]

ሊቁ፦ መስኮቱስ? እሱንም ንገሩኝና ይውጣልኝ።

ባለ ጨርቋ፦ መስኮቱን ማን ይነካል? ይኼ ሰውዬ ግንበኛውን ቁጭ አድርጎ አስምሎታል። «ግድግዳውን እንደ ፈለግክ፤ የሊቁን መስኮት ከነካህ ግን ሠርጉም ቀረ» ነው ያለው። እኔን ሳይጠይቅ! እኔም ወደድኩት እንጂ አልተቀየምኩም።

መርፌ፦ ከእህትህ ቤት የቀረኸኝ ዘለላ አንተ ነህ። አንተን በትኜ የት እገባለሁ?

[ሊቁ ፊቱን ወደ መስኮቱ ያዞራል። ሜትሩ ስለያዘው መርፌም አብሮት ይዞራል።]

ሊቁ፦ አቧራ ነው። ዓይኔ ውስጥ የገባው አቧራ ነው።

ባለ ጨርቋ፦ ግድግዳው ገና አልፈረሰም እኮ ጋሼ።

[ትፈታቸዋለች። ሊቁ በርጩማውን ተቀብሎ በቦታው ያስቀምጠዋል፤ መኖሩን በእጁ አረጋግጦ ክብሩን ሰብስቦ ይቀመጥበታል። ደስ ብሎታል፤ ይኼን ግን ቢገርፉት አይናገርም።]

ሊቁ፦ መልካም ነው። ግን ከወዲሁ ይታወቅ፤ እኔ በተቃራኒ መዞሬን አልተውም።

ባለ ጨርቋ፦ ይዙሩ። ጨርቄን ብቻ አይርገጡብኝ።

ሊቁ፦ ደግሞ ሞኝ አደረግነው ብላችሁ እንዳትስቁ! እኔ ነገሩን ከመጀመሪያው አውቄዋለሁ። የበርጩማውንም፣ የቀሚሱንም፣ የመሙያዋንም። በሆዴ ይዤ ዝም አልኩ እንጂ።

ባለ ጨርቋ፦ እንዴ! ታዲያ ሞላዋን ምን ብለው ቀየሩት?

[ሊቁ ሬዲዮውን ይከፍታል።]